ከቀረርቶ ወደ እንጉርጉሮ፦ የማሲንቆ ልምምዴ የት ደረሰ

ሰላም ወገኖች። የጦርነት ዘመን ዘፈኖችን በማሲንቆ መልመድ እንደጀመርኩ ነግሬያችሁ ነበር። እነሆ የደረስኩበት።

ቀረርቶው እጄ ገብቷል ማለት እችላለሁ። ቁርጥ ያለ ምት የለውም፤ ድምፅ ትንፋሽ እስኪያልቅ ይጎተታል፣ ጭራውን የሚገዘግዘው ደጋንም አብሮት። ለጀማሪ የሚመቸው ለዚህ ነው፤ ጣት ቢዘገይ ማንም አያውቅበትም። ፉከራውን ግን ለባለቤቱ ትቼዋለሁ። "ዘራፍ!" ብሎ መነሳት ሳንባ ይፈልጋል።

የያዝኳቸው ግጥሞች በአብዛኛው የጣሊያን ወረራ ዘመን ናቸው። ጠመንጃዎቹ ምኒሽሩና ውጅግራው፣ የፈረስ ስሙ፣ ማን ማንን እንደጣለ፣ ሁሉም አለ። በ1928 ዓ.ም. ከአውሮፕላን የወረደው የመርዝ ጋዝ ግን ለፉከራ አይመችም። ፎካሪ ፊት ለፊቱ የቆመ ጠላት ይፈልጋል፤ ከላይ ለሚረጭ ነገር ምን ብሎ ይፎክር? አስተማሪዬ ጋሼ "እስቲ በዚህ ላይ በወል ቤት ሁለት መስመር ግጠም" ቢሉኝ፣ ስድስት ስድስት ቀለም ቆጥሬ ይህችን አመጣሁ፤

ጎራዴን በጋሻ እንመክት ነበር፤
ከሰማይ ለሚወርድ የት ይገኛል አጥር?

"ቤቱ ይመታል። ግን ይህ የተመልካች ግጥም ነው፤ የተቃጠለው ሰውዬ የታለ?" አሉኝ። እስካሁን እየፈለግኩት ነው።

አዝማሪን ጀግና አወዳሽ ብቻ አድርገን እናየዋለን። ጣሊያን ግን ከዚያ በላይ ፈርቶታል፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ የጣሊያን እንደራሴ የነበረው ግራዚያኒ፣ "የጣሊያን አገዛዝ ሊያበቃ ነው" እያሉ ያወራሉ በሚል አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን አስረሽኗል።

አሁን የገባሁበት ዘማች ሲሄድ ቤት የሚቀረው ወገን ዜማ ነው፣ የእናቶቹ። አንዲት ጎረቤታችን እማማ፣ በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ ልጃቸው በአፈሳ ተወስዶባቸዋል። ያኔ ያወረዱት ሙሾ ካለ ብዬ ብጠይቃቸው "መርዶ ሳይመጣልኝ ምን ብዬ ሙሾ አወርዳለሁ ልጄ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሙሾ ሥርዓት አለው፤ ሰው ይሰበሰባል፣ አልቃሽ ትደረድራለች፣ ደረት ይመታል። ልጇ ይሙት ይኑር ያልተነገራት እናት ከዚህ ሁሉ ምንም የላትም። የቀራት እንጉርጉሮ ነው፤ ቡና ስትቆላ፣ ጥጥ ስትፈትል፣ ለራሷ ብቻ። በዚያው ሰዓት ሬዲዮው የዘመቻ መዝሙር ያሰማል። እማማ የሬዲዮውን እስከ ዛሬ በቃላቸው ይወጡታል፤ የራሳቸውን ግን በስልክ ልቅዳ ብላቸው እምቢ አሉ። ቁጭ ብዬ ከመስማት ሌላ መንገድ አልነበረኝም፤ ግጥሙንም እዚህ አልጽፈውም።

ዜማውን በትዝታ ቅኝት እየሞከርኩት ነው፤ ከቀረርቶው ይልቅ ይከብዳል። ደጋኑ የማሲንቆውን ጭራ ነካ አድርጎ ብቻ ማለፍ አለበት፤ ትንሽ ጫን ካልኩ ቀረርቶ ሆኖ ያርፈዋል። ሙጫውን ቀንሼ መቀባቴ ረድቶኛል። የግራ ጣትም ጭራውን ከአንገቱ እንጨት ጋር ሳያጣብቅ በአየር ላይ መንሸራተት አለበት፤ እኔ ሁልጊዜ የምጣደፈው እዚህ ላይ ነው።

ከእናንተ መካከል ከጎጃም ወይም ከወሎ እናቶች እንዲህ ያለ እንጉርጉሮ የሰማችሁ ካላችሁ፣ ስንኙን ተዉትና ድምፁ የት ላይ ከፍ፣ የት ላይ ዝቅ እንደሚል ንገሩኝ።