ዘጠነኛው ጥያቄ

ሐሙስ ማታ፣ ጅማ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ከምከታተላት ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ሳምንታዊውን የሱፐርቪዥን (ሥራዋን አብረን የምናይበትን) ሰዓታችንን ጀመርን። ሥራ ከጀመረች ስምንት ወሯ ነው። ደብተሯን ገልጣ፣ የአንዲት ነፍሰ ጡር ተገልጋይ የድብርት መለኪያ ድምር 8 መሆኑንና «ቀላል» በሚባለው ደረጃ ውስጥ እንደሚወድቅ ነገረችኝ። እንደ ልማዴ «ጥሩ፣ ቀጥዪ» ልል ካልኩ በኋላ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ቅጹን ራሱን እንድታሳየኝ ጠየቅኋት።

ፒኤችኪው-9 የሚባለው ይህ የድብርት መለኪያ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት የሚጠይቁ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ስለሚያዝ ድምሩ ከ27 ነው። ዘጠነኛው ግን ስለ መሞትና ራስን ስለ መጉዳት የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ድምሩ የቱንም ያህል ቢያንስ፣ መልሱ ከ0 ካለፈ ለብቻው ሊነጋገሩበት ይገባል። እዚያ ላይ 1 ተከብቧል። በቅጹ ማሳበብም አይቻልም፤ የተሞላው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ያ ቅጂ ደግሞ በነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

«ይህንንስ አልጠየቅሻትም?» አልኋት፤ ድምፄ ሳላስበው ጠንከር ብሎ ወጣ።

«ፈራሁ ጋሼ። ባነሣባት ሐሳቡን የማስገባባት መሰለኝ።»

በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥር ክፍል ውስጥ ተምራዋለች፣ ለፈተናም ጽፋዋለች። ዓይን ዓይኗን የምታይ ሴት ፊት ተቀምጦ ቃሉን ከአፍ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ያንን ማለማመድም የእኔ ሥራ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ድምር ብቻ ስጠይቃት፣ እሷም ድምር ይዛልኝ መምጣትን ለመደች።

እኔ ራሴ ሥራ ስጀምር ቁልፍና ወንበር ነበር የተሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ሥልጠና አልጎደለብኝም፤ የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሦስት ቀን ተቀምጬ ሰርተፊኬትና አበል ይዤ የተመለስኩባቸውን ጊዜያት መቁጠር አቅቶኛል (አበሉን ጠልቼው አላውቅም)። በሬን ዘግቼ ከተገልጋይ ጋር ምን እንደተባባልን ቃል በቃል የጠየቀኝ አለቃ ግን አላስታውስም፤ ያላገኘሁትንም ለእሷ ሳልሰጥ ቀረሁ።

ቅጹን ወደ ጎን አድርገን እኔ ተገልጋይ ሆንኩ። በመጀመሪያው ሙከራ «መጥፎ ሐሳብ ይመጣብሻል?» ብላ ዓይኗን ወደ ወረቀቱ ሰበረች። በሁለተኛው ፈጥና አለፈችው። በሦስተኛው «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ዝም አለች፤ እኔም ሆን ብዬ መልሱን አዘገየሁባት፣ ዝምታውን ቻለችው።

ወዲያው ስልክ ደወለች፣ በአፋን ኦሮሞ ያንኑ ጥያቄ ሳታድበሰብስ ጠየቀች። ሴትዮዋ ዛሬ እንዲህ ያለ ሐሳብ እንደሌላት፣ እህቷም አብራት እንደምታድር ተናገረች። ለመጪው ሳምንት የነበረው ቀጠሮ ወደ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት መጥቷል፤ እኔም ከጎን ካለው ክፍል አልወጣም።