ሙዚየሜን ሁለት ጊዜ ሠራሁት

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ፎልደር ነው። ለዓመታት ያስቀመጥኳቸው ሚሞች (ሰው እየተቀባበለ የሚቀልድባቸው ምስሎች)፣ የሚንቀሳቀሱ ትንንሽ ምስሎችና የድሮ ድረገጾች ስክሪንሾቶች ተጠራቅመው ከ4 ሺህ አለፉ። ለምን ለሰው አላሳያቸውም አልኩ። ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያለ፣ ስለ ኢንተርኔት የሚያወራ ሙዚየም።

መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ሕንፃው ነው። በነፃ የ3ዲ ክፍል የሚያሠራ አገልግሎት አገኘሁና ሦስት አዳራሽ፣ የእብነ በረድ ወለል፣ ከጣሪያው የሚወርድ ብርሃን፣ ምን አለፋችሁ፣ ሁለት ወር ሙሉ እሱን ሳሳምር ከረምኩ። ጓደኞቼን ጋበዝኩ። አብዛኞቹ የገቡት በስልክ ነው። ገጹ እስኪከፈት ስልካቸው ጋለ፤ የተከፈተላቸውም ግድግዳ ውስጥ ገብተው ተቀረቀሩ። አንዷ «በሩ የት ነው?» ብላ ጻፈችልኝ። ከዓመት በኋላ አገልግሎቱ ራሱ ተዘጋ፤ አዳራሾቼም አብረው ሄዱ። ለአዳራሾቹ ብዙም አላዘንኩም። የቆጨኝ ለየዕቃው የጻፍኩት መግለጫ ነው፤ ቅጂ አላስቀረሁም ነበር።

ሁለተኛውን በተራ ገጽ ሠራሁት። ምስሉ ከላይ፣ ጽሑፉ ከታች፣ አለቀ። 4 ሺውን ወደ 60 አወረድኩት። እያንዳንዱን እያነሳሁ «ሰዎች ይህን ምን አደረጉበት?» ብዬ ጠየቅሁ። መልስ ካጣሁ ቀረ፤ የምወደውም ቢሆን።

ኢሞጂን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሺገታካ ኩሪታ ለጃፓኑ የስልክ ኩባንያ ዶኮሞ የሠራቸው 176 ምልክቶች እያንዳንዳቸው 12 በ12 ፒክስል ናቸው። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2016 ከስብስቡ ጋር ቀላቅሏቸዋል። ይህንን ጽፌ ምስሉን ለጠፍኩት። ማንም አልቆመበትም። ከዚያ ከጎኑ 12 በ12 የሆነ ባዶ ሰንጠረዥ አስቀመጥኩና «እስቲ እዚህ ውስጥ ልብ ሣሉ» አልኩ። ሰው መቆየት ጀመረ። አንድ ፒክስል ስትሳሳት ምን ያህል እንደሚበላሽ በእጅ ካልተሞከረ አይገባም።

የስክሪንሾቱ ነገር ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። የድሮ ድረገጽን ፎቶ ማንሳት የማይከፈት በር ፎቶ እንደማንሳት ነው፤ ሊንኩ አይነካ፣ ምስሉ አይንቀሳቀስ። አሁን ገጹን ራሱን ዋርክ (WARC) በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጣለሁ። ሰርቨሩ የላከውን ጽሑፍ፣ ምስልና ኮድ ከነሰዓቱ ይይዛል፣ በኋላም መልሶ ይከፈታል። ዌብሪኮርደር የሚባሉት ድረገጽ መቅጃ መሣሪያዎች በነፃ ይሠሩታል። ድሮ ድረገጽ ላይ ጨዋታና አኒሜሽን ያሳይ ለነበረው፣ በ2020 መጨረሻ ድጋፉ ለተቋረጠው ፍላሽ ደግሞ በእሱ ፈንታ የሚያጫውት ራፍል የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የድሮ ጨዋታዎችና አኒሜሽኖች ብዙዎቹ ይነሳሉ፣ አንዳንዶቹ ይነጫነጫሉ። ለነገ ማለት ግን አያዋጣም። ሰዎች የራሳቸውን ገጽ በነፃ ይሠሩበት የነበረው ጂኦሲቲስ በ2009 ሲዘጋ ከገጾቹ ብዙዎቹ የተረፉት የሚዘጉ ድረገጾችን የሚያድነው የአርካይቭ ቲም በጎ ፈቃደኞች ቀኑ ሳይደርስ እየተሯሯጡ ስለገለበጧቸው ነው።

ግን ከሁሉም በላይ ዘግይቶ የገባኝ አንድ ነገር አለ። ዕቃው ምስሉ አይደለም፤ ወሬው ነው። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1982 የኮምፒውተር ተመራማሪው ስኮት ፋልማን በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የመልእክት ሰሌዳ ላይ ለቀልድ :-) እንጠቀም ብሎ ጻፈ። ለምን? ሊፍት ውስጥ ሜርኩሪ ፈሰሰ የምትል ቀልድ ተለጥፋ አንዳንድ አንባቢዎች እውነት መስሏቸው ስለደነገጡ ነው። መልእክቱ ጠፍቶ ቆይቶ ከ20 ዓመት በኋላ ከድሮ የመጠባበቂያ ቴፖች ፈልገው አገኙት፤ የተገኘውም ቀልድን በምን እንለይ ከሚለው ጭቅጭቅ ጋር ነው። ጭቅጭቁ ባይኖር ሦስት ምልክት ብቻ ነበር። እኔ በበኩሌ ያን ሁሉ ዓመት ሚሞቹን ስሰበስብ ኮሜንቶቹን እየቆረጥኩ ስጥል ነበር። ይኸው አሁን ከ60ዎቹ 20 ለሚሆኑት ውይይቱን ከሌላ ቦታ እየለቃቀምኩ ነው።

ኮሜንት ስታስገቡ ግን ስም ሸፍኑ። ሰውየው ያኔ ከጓደኞቹ ጋር ነበር የሚያወራው፣ ሙዚየም እገባለሁ ብሎ አይደለም። አንድ ሰው በልጅነቱ የተነሳው ፎቶ ሚም ሆኖ እኔ ጋ እንዳለ አይቶ አንሣልኝ አለኝ። በዚያው ቀን አነሣሁት። ቦታው ባዶ ነው፤ «በባለቤቱ ጥያቄ ተነሥቷል» የሚል ጽሑፍ ብቻ አለው። ብዙ ሰው ቆሞ የሚያነበው እሱን መሆኑ ይገርመኛል።

በሩን ያጣችው ጓደኛዬ ባለፈው ተመልሳ ገባች። ግማሽ ሰዓት ቆይታ ጻፈችልኝ፦ «ልብ ሣልኩ፣ ጥርስ ሆነብኝ። ድጋሚ ልሞክር ነው።»