ገናን በጅማ፦ ከነልጆች አራት ሌሊት

ጅማን የሚያውቃት አብዛኛው ሰው በዝናብና በጭቃ ነው የሚያውቃት። በታኅሣሥ መጨረሻ ግን ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ቀኑ እስከ 27 ዲግሪ ይሞቃል፣ የቡና ለቀማውም ገና አላለቀም። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ስለሚችል ለልጆች ሹራብ ሳይዙ መሄድ ስህተት ነው። ቀን ስትቆጥሩም ዘመኑን እዩ፦ ገና ታኅሣሥ 29 ቢሆንም በዘመነ ዮሐንስ 28 ላይ ይውላል። ይህን ሳያስተውሉ አልጋ የያዙ ሰዎች በበዓሉ ማግስት ይደርሳሉ።

በሰበታ፣ በወሊሶና በወልቂጤ በኩል ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልጆች ከተያዙ ስምንት ሰዓት ቆጥሮ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል መውጣት ይሻላል። ሲመሽ ከብቱ አስፋልት ላይ ይተኛል፣ የተበላሸ ጭነት መኪናም ያለ መብራት ይቆማል። በዋዜማው ዕለት መንገዱ ስለሚጨናነቅ እኛ እስከ 26 እንገባለን። ከመነሳታችን በፊት ደግሞ በዚያው ቀን ያለፈ ሾፌር ፈልገን ስለ መንገዱ እንጠይቃለን። በአውሮፕላን ከሆነ ከቦሌ እስከ ጅማው አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ሰዓት አይሞላም።

የመንገዱ ከባድ ቦታ የጊቤ ቁልቁለት ነው። ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ በረሃው ይወርዳል። ፍሬን ላይ እግሩን ጭኖ የሚወርድ ሰው የፍሬን ሸራው ግሎ መሽተት ይጀምራል፤ ድልድዩ ጋ ሳይደርስ ፍሬኑ ይደክማል። ከላይ ጀምሮ በሁለተኛ ማርሽ ነው መውረድ። ድልድዩን ተሻግሮ ያለው ዳገት ደግሞ የሚፈትነው ራዲያተሩን ነው። አምስት ሊትር ውሃ መያዝ፣ ሞተሩ ከጋለም ክዳኑን ሳይነኩ ጥላ ቦታ ቆሞ እስኪበርድ መጠበቅ ነው። መኪና የሚያስመልሳቸው ልጆች ወልቂጤ ላይ ጠግበው ከበሉ ቁልቁለቱ ላይ ይታመማሉ፤ ቁርሱ ቀለል ይበል። ሰኮሩን አልፎ ወደ አሰንዳቦ ሲቃረቡ የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ይታያል። ግድቡ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለና 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ነው። ባሕር ለናፈቀው ልጅ በዚህ መንገድ የሚያገኘው ሰፊ ውሃ ይኸው ነው።

ጅሬን የጠዋት ቦታ ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ርቆ እዚሁ ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው ያለው። ሦስትና አራት ሰው የጫነ ባጃጅ ዳገቱ ላይ ስለሚያቃስት ሁለት ባጃጅ መያዝ ወይም በመኪና መውጣት ይመረጣል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን ገዝተዋል። ለአፄ ምኒልክ ግብር ለመክፈል ተስማምተው የግዛታቸውን ውስጣዊ አስተዳደር በእጃቸው ማቆየታቸው፣ የከተማዋ ገበያ ሂርማታም ሳይጠፋ መቀጠሉ የዚህችን ከተማ ዕጣ ወስኗል። ለልጆች ይህን ቀድሞ መንገር ጥሩ ነው፤ ያለዚያ የሚያዩት የእንጨት ሰገነትና ባዶ ክፍል ብቻ ይሆንባቸዋል። አጠገቡ ያለው መስጊድ የሚጸለይበት ስለሆነ ጫማ ማውለቅ፣ ሴቶችም ነጠላ መልበስ፣ ፎቶ ከማንሳት በፊት ማስፈቀድ ይገባል። የንጉሡ መገልገያ ዕቃዎች ያሉት ግን ከተማ ውስጥ፣ ጅማ ሙዚየም ነው። በበዓሉ ቀን ዝግ ይሆናል ብሎ ማሰብና 27 ላይ ማየት ይሻላል። ብዙ ቤተሰብ ሙዚየሙን ለገና ቀን አስቀምጦ በሩ ላይ ይመለሳል።

ሐሙስ ትልቁ የገበያ ቀን ነው። ጅማ መጥቶ በርጩማ ሳይገዛ የሚመለስ የለም፤ ሲገዙ ግን መቸኮል አያስፈልግም። ጥሩ በርጩማ መቀመጫውም ሦስቱ እግሮቹም ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው የወጡ ናቸው፤ እንጨቱ ዋንዛ ቢሆን ይመረጣል። የሚሰነጠቀው እርጥብ እንጨት ተጠርቦ ቶሎ ሲሸጥ ነው፦ ላዩ ቀድሞ ይደርቃል፣ ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ ላዩ ይተረተራል። በእጅ ሲይዙት ከመጠኑ በላይ የሚከብድና የሚቀዘቅዝ ከሆነ አልደረቀም። ገልብጦ እግሩ የሚጀምርበትን ቦታ ማየት፣ በጣት አንኳኩቶም መስማት ነው፤ የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ቤት ከገባ በኋላ የመጀመሪያውን ወር ከፀሐይና ከምድጃ ይራቅ።

ቡናውን ለማየት ወደ ገጠሩ ወጣ ማለት በቂ ነው። ቀዩ ፍሬ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ስስ ሆኖ ተሰጥቶ በየጊዜው ይገላበጣል፤ ከተወፈረ ወይም ማታ ጤዛ ከመታው ይሻግታል። ለቤት ስትገዙ ጥሬውን አሽትቱት። የሻገተ ወይም የጆንያ ሽታ ካለው ምንም ቢቆላ አይስተካከልም። ፍሬው እኩል መጠን ያለውና ጥቁር ያልበዛበት ይሁን። ለቤት ከሚበቃ ጥቂት ኪሎ አትለፉ፤ ብዙ ቡና ኬላ ላይ ያስቆማል። ቡና ቀላ፣ ማለትም በቅቤ የተጠበሰ የቡና ፍሬ፣ የሚያቀርብላችሁ ካገኛችሁ ቅቤ ስላለው ለጿሚ አይሆንም፤ እስከ 29 አቆዩት።

የገና ቅዳሴ ሌሊቱን ስለሚዘልቅ ሕፃን የያዘ ሰው ከነጠላው በላይ ጋቢ ይያዝ። ጅማ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተቀላቅሎ የሚኖርባት ከተማ በመሆኗ በገና ቀን ካፌና ሱቅ እንደሌላው ቦታ ጭር አይልም፤ ለእንግዳ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሥጋ ቤት ሲገቡ ግን የማን እንደሆነ በሩ ላይ ያለውን ምልክት አይቶ መግባት ነው።

ከሰዓት በኋላ ቦዬ። በአዲስ አበባው መንገድ በኩል ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ይህ ረግረግ ጉማሬ ይኖርበታል፤ አናቱ ላይ ዘውድ የደፋ የሚመስለው ባለ ረጅም እግር ወፍም ይታያል። ጉማሬው ቀን ውሃ ውስጥ ሆኖ ዓይንና ጆሮውን ብቻ ስለሚያሳይ ያለ ባይኖኩላር ልጅ ይሰለቻል። ሲመሽ ለሳር ወደ ዳር ይወጣል፤ በእሱና በውሃው መካከል መቆም ሕይወት ያስከፍላል። ስለዚህ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ዳር ላይ አንቆይም። ትንኙም በዚያው ሰዓት ነው የሚነሳው፤ አካባቢው ወባ ስለማያጣው ክፍል ስትይዙ አጎበር መኖሩን ጠይቁ።

በ30 ስንመለስ ምሳችን ወልቂጤ ነው። ጾሙ ስለተፈታ ክትፎና ቆጮ ይቀርባል፤ የጊቤው ጠመዝማዛም በዚህ በኩል አልፏልና ልጆቹ ጠግበው ቢበሉ አይታመሙም።