የጭራው ላሜራ

ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። ይህ ነው የምለው ምክንያት አልነበረኝም፤ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣብኝ ከሰው ጋር ማውራቱም ዝም ብሎ መቀመጡም ስለማይሆንልኝ፣ የሥራ ተራችን ባይሆንም ሃንጋሩን ከፍቼ ገባሁ። ሐሳቤ እንደገና እንዲበር ከምንጠግነው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦንብ ጣይ አውሮፕላን ጭራ የነቀልነውን ላሜራ ጠረጴዛው ላይ አስተኝቼ፣ መለወጥ ያለባቸውን ሪቬቶች (ላሜራዎቹን አያይዘው የሚይዙ ባለ ራስ ምስማሮች) ምልክት እያደረግሁ እስኪመሽ ድረስ ራሴን ማድከም ነበር። ምልክቱን በእስክሪብቶ እንጂ በእርሳስ አናደርግም፤ እርሳሱ የሚተወው ካርቦን እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየሙን ይበላዋል።

ላሜራው ለብዙ ዓመታት መሬት ውስጥ የቆየ አውሮፕላን ሁሉ የሚይዘው በሽታ ይዞታል። ሁለት ላሜራ በተደራረበበት ቦታ ነጭ ዱቄት ተፈጥሯል፤ ዱቄቱ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ፣ በሪቬትና በሪቬት መካከል ያለውን ገጽ እንደ ተሰፋ ፍራሽ አሳብጦታል። ገልብጬ ውስጡን ስመለከት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዝገት የሚከላከለው ቢጫማ አረንጓዴ የዚንክ ክሮሜት ቀለም አብዛኛው ሳይለቅ ቆይቷል፤ በሳሳበት በኩል ፋብሪካው ያተመው ጽሑፍ «አልክላድ 24ኤስ-ቲ» እያለ በሰልፍ ይነበባል። ይህ ዛሬ 2024 በሚል ቁጥር የሚታወቀው የአሉሚኒየምና የመዳብ ቅይጥ ሲሆን፣ ዝገትን እንዲከላከልለት ስስ ንጹሕ አሉሚኒየም ተለብጦበታል። ከጽሑፉ ጥግ የአውራ ጣት ጥፍር የማታክል ክብ ማኅተም አለች፤ የተቆጣጣሪው ናት። አንድ ሰው በዚያን ዕለት ይህን ላሜራ በእጁ ዳስሶ ያልፋል ብሎ አሳልፎታል። እንዲህ ያለ ሪቬት ደግሞ በወትሮው ብቻውን በቆመ ሰው አይመታም፤ አንዱ በአየር መዶሻ ሲመታ ሌላው ከጀርባው ብረት ደግፎ ይይዝለታልና በእያንዳንዱ ራስ ላይ የሁለት ሰው እጅ አለበት። በጦርነቱ ዘመን በአሜሪካ ፋብሪካዎች ከእነዚህ እጆች ብዙዎቹ የሴቶች ነበሩ።

ውጫዊውን ፊት በለሰለሰ ጨርቅና በውኃ ሳጥብ፣ ከጭቃው ሥር የወይራ አረንጓዴው ቀለም ወጣ። በአንድ በኩል ግን ቀለሙ ጠቆር ይላል፤ በብሩሽ የተቀባ በመሆኑ የብሩሹ ጭረት ሳይቀር ይታያል። ቀረብ ብዬ ሳየው ዙሪያዋን በሪቬት የተያዘች ክብ ልጣፊ ናት፤ ጥይት ወይም ፍንጣሪ የበሳውን ቀዳዳ ለመድፈን የተለጠፈች። የሪቬቶቹ ርቀት እኩል አይደለም፤ የአንደኛው ራስ መዶሻው ስቶት ጎድጉዷል። ከእርሷ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ሌላ ቀዳዳ አለ፣ ይህኛው ያልተደፈነ። ከንፈሩ ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ ዙሪያው ያለው ቀለምም በቀለበት መልክ ረግፏል። የተደፈነው ቀዳዳ አውሮፕላኑ ተመትቶም ወደ ሰፈሩ እንደተመለሰ ይናገራል፤ ያልተደፈነው ደግሞ ሳይመለስ የቀረበትን በረራ። ከዚያ በኋላ ሪቬት መቁጠሩን ረሳሁት።

የጦር ሜዳ ጥገና እንዴት ይሠራ እንደነበር እናውቃለን። ስንጥቁ እንዳይቀጥል የቀዳዳው ዙሪያ ተሞርዶ ይስተካከላል፣ ልኩን የጠበቀ ላሜራ ይቆረጥለታል፣ ይሰረሰራል፣ ይመታል፣ ይቀባል። በጨርቅ የተሸፈኑት የጭራ መሪዎች ደግሞ ጨርቅ ይለጠፍባቸውና ማጠንከሪያ ፈሳሽ ይቀባሉ። ይህን የሠራው መካኒክ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሌሊት ነው፤ አውሮፕላኑ ጎሕ ሲቀድ እንዲነሣ ይፈለጋል። ቀዳዳው ለእርሱ ቶሎ መወገድ ያለበት ጉዳት ነበር። እኔ ጓንት አጥልቄ፣ ፎቶግራፍ እያነሣሁ፣ ልንካው አልንካው እያልኩ የምጨነቅበትን ነገር ቢያይ ምን ይል እንደነበር እንጃ። ጭንቀቴ ግን ከልብ ነው። አንድን የጦር አውሮፕላን እንደገና ለማብረር የምናደርገው እያንዳንዱ ጥገና፣ ከአውሮፕላኑ ታሪክ ውስጥ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ያጠፋል፤ እኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አውሮፕላኑ የተሳብነው በእነዚያው ደቂቃዎች ምክንያት ነው።

ሌሎች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደመለሱት ሳስብ ቆየሁ። የጀርመኑ ቦንብ ጣይ ዶርኒየር 17 እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1940 ተመትቶ እንግሊዝ ጠረፍ አጠገብ ባለው የጉድዊን አሸዋ ላይ ወደቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከባሕር ሲወጣ የተረከበው የእንግሊዝ አየር ኃይል ሙዚየም አዲስ ለማስመሰል አልሞከረም። በጨው የተበከለ አሉሚኒየም አየር ሲያገኝ በፍጥነት ስለሚፈራርስ፣ ኮስፎርድ በሚገኘው ማዕከል በፕላስቲክ ዳስ ውስጥ አስቀምጠው ቀጭን የሲትሪክ አሲድ ውሕድ ለረጅም ጊዜ ሲረጩበት ቆዩ፤ ዓላማቸው እንደወደቀ እንዲቆይ ማድረግ ነበር። የእንግሊዙ ተዋጊ አውሮፕላን ስፒትፋየር ኤን3200 ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ ሄደ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1940 በደንከርክ ሰማይ ላይ ተመትቶ በፈረንሳይ ጠረፍ አሸዋ ላይ በሆዱ አረፈ፣ አብራሪው ተማረከ፣ አውሮፕላኑን አሸዋ ዋጠው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ወጥቶ በ2014 እንደገና በረረ። ሲበር ማየት ደረት ያስነፋል፣ ነገር ግን ከአሸዋው የወጣው ብረት አብዛኛው መብረር የማይችል ስለነበረ የምናየው በአመዛኙ አዲስ ላሜራ ነው።

ያለ ምንም ቅሬታ የምደሰትበት የግሪንላንዱ ፒ-38፣ የአሜሪካ ተዋጊ አውሮፕላን፣ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 15 ቀን 1942 ስድስት ፒ-38 እና ሁለት ቢ-17 ቦንብ ጣይ አውሮፕላኖች በአየር ጠባይና በነዳጅ ማነስ ምክንያት በረዶው ላይ አረፉ፤ ሰዎቹ ሁሉ በሕይወት ወጡ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንዱን ሲያገኙት ሰማንያ ሜትር ያህል በረዶ ተጭኖት ነበር፤ በሙቅ ውኃ በረዶውን አቅልጠው ጉድጓድ ከቆፈሩ በኋላ አውሮፕላኑን እየፈታቱ አወጡት፣ እ.ኤ.አ. በ2002ም በረረ። እዚያ የሞተ ሰው ስላልነበረ የተጨፈለቀውን ማቃናት ማንንም አይበድልም።

ሰው የሞተበት ሲሆን ግን እጄ ይከብደኛል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1945 ኖርዌይ ውስጥ ምዮሳ ሐይቅ ላይ የወደቀው ሃሊፋክስ ቦንብ ጣይ ከጭራ ተኳሹ በቀር ሠራተኞቹ ሁሉ አልቀውበታል፤ በ1995 ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ጥልቀት ወጥቶ ካናዳ ትሬንተን ውስጥ አሥር ዓመት የፈጀ ጥገና ተደረገለት፤ የቆመው ግን በሙዚየም ነው፣ አይበርም። ትክክል ያደረጉ ይመስለኛል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጡት ሕግም የወደቀ የጦር አውሮፕላን ያለ ፈቃድ እንዳይቆፈር ይከለክላል፤ የሰው አስከሬን ይኖርበታል ተብሎ በሚታሰብበት ቦታ ደግሞ ፈቃዱ አይሰጥም። በዚህ ሥራ ላይ ያሉ አንዳንድ ሰዎች ሕጉን ሲያማርሩ እሰማለሁ። እኔ ግን እደግፈዋለሁ፤ ከብረት የሚቀድም ነገር አለ።

ጋሼ፣ የቡድናችን ታላቅ፣ ይህን ሁሉ ብነግረው መልሱን አውቀዋለሁ፦ «አውሮፕላን የተሠራው እንዲበር ነው፣ ልጄ»። እርሱ የሚለውም ከባዶ የመነጨ አይደለም። የዚህ ዓይነት አውሮፕላን ላዩ ሽፋን ብቻ ሳይሆን ጭነት ተሸካሚ ነው፤ የታጠፈ ከንፈር ያለው ቀዳዳ ደግሞ በንዝረት ብዛት ስንጥቅ ይወልዳል፣ ስንጥቁም ወደ ቅርብ ሪቬት ይሄዳል። ለመብረር ብቁ ነው ብሎ የሚፈርም መሐንዲስ ይህን አያልፍም፣ ማለፍም የለበትም። መዝገቡን የያዘችልን ልጅ ያቀረበችው ሐሳብ ይሻላል፤ አሮጌው ላሜራ እንዳለ ተጠብቆ፣ ቁጥር ተሰጥቶትና የት እንደነበረ ተጽፎበት ከአውሮፕላኑ ጎን ይቀመጥ፣ አዲሱ በልኩ ተቆርጦ ይግጠም። በዚህ እስማማለሁ፤ ቀዳዳው ከነከንፈሩ ይድናል፣ አውሮፕላኑም የመብረር ዕድሉን አያጣም።

አሁን እንቅልፍ የነሣኝ ቀዳዳው አይደለም፤ ልጣፊዋ ናት። አውሮፕላኑን የምንቀባው በመጨረሻው በረራው ጊዜ በነበረው መልኩ ነው ብለን ወስነናል፤ በመጨረሻው በረራው ደግሞ ያች ክብ ልጣፊ በጠቆረ አረንጓዴዋ ጭራው ላይ ነበረች። አብራሪዎቹ ወደ አውሮፕላኑ ሲሄዱ ሳያዩዋት አልቀሩም። በአዲሱ ላሜራ ላይ ሳልሠራት ብቀር፣ ያ ስሙን የማናውቀው መካኒክ በዚህ አውሮፕላን ላይ የተወው የእጁ ምልክት ከሚበረው አካል ይጠፋል። ሠርቼ ልምታት ብል ደግሞ፣ ተበስቶ በማያውቅ ጤነኛ ብረት ላይ የቁስል መድፈኛ መለጠፌ ነው፤ ርቀታቸው እኩል ያልሆኑትን ሪቬቶችና ያን የጎደጎደ ራስ ሆን ብዬ ልኮርጅ? ወይስ አስተካክዬ መትቼ የእርሱን ሥራ የእኔ ላድርገው? በሚቀጥለው ስብሰባ ለጋሼም ለልጅቷም ይህንኑ አቀርባለሁ፤ እስከዚያ ድረስ አዲሱን ላሜራ ማንም እንዳይሰረስረው ጠረጴዛው ላይ ማስታወሻ ትቻለሁ።