ወፍጮ ቤት ውስጥ የሚገኝ ጸጥታ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሰላምታ በአንድ ቃል አያልቅም። «እንዴት አደርሽ» ካሉ በኋላ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ገጠር ያሉት አማቶች ሁሉ ደህና መሆናቸው ይጠየቃል። ደስ የሚል ባህል ነው፤ ጸሎት ለያዘ ሰው ግን ፈተና ነው። እኔ የምኖረው ብዙ ተከራይ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። ማታ ዳዊቴን ገልጬ «ብፁዕ ብእሲ» ከማለቴ በሩ ይንኳኳል፤ ወይ ጨው፣ ወይ ክብሪት፣ አለዚያም ወሬ።

ለንስሐ አባቴ ጸጥ ያለ ቦታ አጣሁ ብዬ አማረርኩ። እሳቸው በወጣትነታቸው የቅኔ ተማሪ ነበሩ። «ልጄ፣ የቅኔ ተማሪ ጫካ የሚገባው ዝምታ ፍለጋ መሰለሽ? ጫካውማ የወፍ ጩኸት ነው። የሚገባው ጠሪ እንዳያገኘው ነው» አሉኝ። ጎጃም የቅኔ አገር ነውና፣ የዋሸራም ሆነ የጎንጅ ተማሪ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም በሐሳቡ ሲያዘጋጅ፣ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ዛፍ ሥር እንደሚቀመጥ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። ምክንያቱን ግን እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምፈልገው ድምፅ የሌለበትን ሳይሆን የሚያናግረኝ ሰው የሌለበትን ቦታ ሆነ። የመጀመሪያው ወፍጮ ቤት ነው። ሞተሩ ሲነሳ ግድግዳው ይርገበገባል፤ የዱቄቱ ብናኝ ቅንድብ ላይ ያርፋል፤ ጆሮ ላይ ካልጮኹ በቀር መነጋገር የለም። ጤፌን አስመዝኜ፣ ከረጢቴን ወረፋ አስይዤ፣ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በቃሌ አደርሳለሁ። ውዳሴ ማርያም ለየዕለቱ የተከፈለ ስለሆነ፣ እንደ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስፈጭ ሰው የቅዳሜውን ቢያጠና ለጊዜው ይበቃዋል። ችግሩ መብራት ሲጠፋ ነው፤ ሞተሩ ይቆምና ወሬው ይነሳል።

ቤተ ክርስቲያንስ? እንደ ቀኑ ነው። በወር በዓል፣ በ21 ለማርያም ወይም በ30 ለማርቆስ፣ የሄደ ሰው በረከት እንጂ ጸጥታ አያገኝም፤ ስለ ድምፅ ማጉያው ከጀመርኩ ደግሞ አላባራም። በጾም ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ያኔም ግቢው ሰው አያጣም። እኔ ጾም ባልሆነ ወቅት ማክሰኞና ሐሙስን መረጥኩ፤ ሰዓቱም የምሳ ነው። ቀትር፣ ማለትም 6 ሰዓት፣ ጌታችን የተሰቀለበት የጸሎት ሰዓት ነው፤ ቢሮአችን ለምሳ የሚዘጋውም ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። በሩን ተሳልሜ፣ ከደጀ ሰላሙ ራቅ ብዬ የጽድ ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ። ደጀ ሰላሙ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ከሰላምታ አያመልጥም።

የዳዊቱን ነገር ደግሞ በልክ አደረግሁት። ዳዊት 150 መዝሙር ነው፤ አሥር አሥሩ አንድ ንጉሥ ሆኖ 15 ንጉሥ ይባላል። በአንድ ቁጭታ አንድ ንጉሥ ልድገም ማለት ሕፃን ላላት ሴት የማይሆን ነው። አሁን ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ልጆቹ ሳይነሱ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሁለት ሁለት መዝሙር እደግማለሁ፤ በሳምንት አንድ ንጉሥ ይሞላል። ስልኬን ማታውኑ ማድ ቤት ትቼው እተኛለሁ። ገጠር ያለችው እናቴ ዶሮ ሲጮህ መደወል ትወድ ነበር፤ ጥቂት ተቀየመችኝና ለመደችው። አሁን የምትደውለው ላሟን አልባ ከጨረሰች በኋላ ነው።