ሰባት ስምንት

ትናንት ማታ የወንድሜ ሚስት ከአዲስ አበባ ደወለች። ሴት ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀርታ ቤት ልታስተምራት እያሰበች ነው። «አንቺ ልጅሽን ቤት አስተምረሽ የለ? ምን ምን መጽሐፍ ገዛሽ?» አለችኝ። የሁለት የሦስት መጽሐፍ ስም ነገርኳት፤ አመስግናኝ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሰኔ ድሬዳዋ እንቅልፍ ለመንሳት ሰበብ አይፈልግም፤ የትናንቱ ግን የሙቀቱ አልነበረም። ዋናውን ነገር ሳልነግራት ቀርቼ ነው።

ነገሩ የጀመረው በኮሮና ነው። መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትልቁ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነበር። ከዚያ በፊት ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሆዱን ይቆርጠዋል። ሐኪም ቤት ወሰድኩት። የሰገራ ምርመራ፣ የሽንት ምርመራ፣ ምንም የለም። ቅዳሜና እሁድ አይቆርጠውም። ይህቺን ለማስተዋል ስንት ወር እንደፈጀብኝ ሳስብ አሁንም አፍራለሁ። ማንበብ ያቃተው ልጅ ክፍሉ ፊት ይንበረከክ እንደነበር የሰማሁት ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ያውም ከልጄ ሳይሆን ከጓደኛው። በ2013 ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ አልልከውም አልኩ። አባቱ ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን «እስቲ ሞክሪው» አለ።

ሞከርኩት። ሳሎን ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ አሰቀልኩ። የክፍለ ጊዜ ፕሮግራም ጻፍኩ፦ 2፡30 አማርኛ፣ 3፡15 ሒሳብ። የቀረኝ ደወል ብቻ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ «ሰባት ሲባዛ በስምንት?» አልኩት። ዝም። ደግሜ ጠየቅኩት። ዝም። ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት። ብርጭቆው ወደቀና ተሰበረ። ልጁ አላለቀሰም። ከወንበሩ ወረደና ተንበረከከ። ማንም ሳያዘው።

በማግስቱ ጠዋት ሆዱን ቆረጠው።

ግቢያችን ከዚራ ነው፤ ከአሮጌው የምድር ባቡር ጣቢያ ብዙ አይርቅም። አምስት ቤት አንድ የኒም ዛፍ ሥር ተጠጋግተን እንኖራለን። የብርጭቆውን ድምፅ ሁሉም ሰምቷል። ታይዋን ገበያ ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤቴ ሻይ በፔርሙስ ይዛ መጣች። አልመከረችኝም፣ አልወቀሰችኝም። «አቦ ልጁን ለኔ ስጪኝ፤ የኔን ሁለቱን ውሰጂ። በሰው ልጅ ላይ እንዲህ አትጮኺም» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

የእሷ ልጆች ማባዛት ላይ ከኔ ልጅ የባሱ ናቸው። ግን አሥር ጊዜ ሲሳሳቱ አሥር ጊዜ እየሳቅሁ አስረዳኋቸው። ለምን እንደሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። እነሱ ሰባት ሲባዛ በስምንትን ሲስቱ የሳቱት እሱን ብቻ ነው። የኔ ልጅ ሲስት ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና መውደቅ፣ ዩኒቨርሲቲ መቅረት፣ ሥራ ማጣት፣ ሁሉም ባንዴ ይመጣብኛል። ልጄን አላስተማርኩትም፤ ስፈራለት ነው የከረምኩት። ፍርሃት ደግሞ ቁጣ መስሎ ነው የሚወጣው።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ ከቤት ቤት መዞር ጀመሩ። ፕሮግራሙን ቀደድኩት። ለነገሩ ድሬ ላይ ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ምንም ነገር ፕሮግራም ማድረግ ከንቱ ነው፤ ሱቁም ይዘጋል፣ ትልቁም ይጋደማል ወይ በርጫ ላይ ነው። ጠዋት ትንሽ፣ ፀሐይ በረድ ሲል ትንሽ።

ጥግ ያለው ቤት ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ይኖራሉ። አባባ እንላቸዋለን። ፈረንሳይኛ ይናገራሉ፣ የድሮ የባቡር ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር። አንድ ቀን ልጆቹን ከሜትር ጋር ይዘው ወጡና የአሮጌውን ሐዲድ ስፋት አስለኳቸው። ልክ አንድ ሜትር። የአዲሱን ባቡር ሐዲድ ስፋት ደግሞ በቃል ነገሯቸው፦ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል። «ታዲያ የድሮው ባቡር በአዲሱ ሐዲድ ይሄዳል?» አለ ልጄ። «መሐሉ ይወድቃል እንጂ!» አሉና ሳቁ። ከዚያ ወሬው ቀጠለ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በፈረንጆቹ 1902 እዚህ ደረሰ። ወደ ሐረር ለመውጣት ተራራው ስላስቸገረ ከታች ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ይሏት ነበር። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ስንት ዓመት ፈጀ? 784 ኪሎ ሜትር ስንት ቀን ያስኬዳል? ያን ዕለት ልጄ የሠራውን ማካፈል እኔ በወር አላሠራሁትም። ሒሳብ እየሠራ መሆኑንም የነገረው የለም።

በጣም የምወደው ግን የቁጥሮቹ ነገር ነው። በድሬ ሦስት ቋንቋ ሳያውቅ የሚያድግ ልጅ ጥቂት ነው፤ ማንም አያስተምረውም፣ ኳስ ሲጫወት ይገባዋል። ልጄ የባለሱቁን ኦሮምኛ ያውቃል፣ የጨርቅ ነጋዴዋን ልጆች ሶማልኛ ያውቃል። አንድ ቀን ድብብቆሽ ሲቆጥሩ ቆመ። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን። ኮው፣ ለባ፣ ሰደህ፣ አፈር፣ ሸን። «እማ! አምስት በሁለቱም አንድ ነው!» እያለ ሮጦ መጣ። ዘጠኝም ያው ሰገል ነው ለማለት ይቀርባል። ሁለቱ ቋንቋዎች ኩሽ ከሚባል አንድ ቤተሰብ እንደሆኑ ነገርኩት። ወዲያው «የኛስ?» አለ። ቁርአን ቤት የሚሄደው ልጅ ከዛፉ ሥር ሆኖ መለሰለት፦ ዓረብኛው ሰባትን «ሰብዓ» ይላል፤ አማርኛ ከዚያኛው ወገን ነው። ጠረጴዛ ያስመታችኝ ሰባት ዘመድ ያላት ቁጥር መሆኗን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

የእጅ ጽሑፉንም የፈታው ባለሱቁ ነው። የዱቤ ደብተሩን አንዳንዴ እሱ ይጽፍለታል። አንዴ የጻፈው አንድ ሰባት መሰለና ባለሱቁና ደንበኛው ተጨቃጨቁ። ሁለት ሽማግሌ ሰዎች በሱ ቁጥር የተነሳ ሲነታረኩ ቆሞ አየ። እኔ ሁለት ዓመት «በደንብ ጻፍ» ብዬ ያልሆነውን ያች ከሰዓት ጨረሰችው። አሁንም አንድን ሲጽፍ እግር ያበጅለታል።

ይህ ዓይነቱ ነገር ፈረንጅ አገር ስም አለው፤ አንስኩሊንግ ይሉታል። ትምህርት ቤቱን ሳሎን ውስጥ መትከል ሳይሆን፣ ልጁ የያዘውን ጥያቄ ተከትሎ መሄድ። ስሙን በፈረንጆቹ 1977 ያወጣው ጆን ሆልት የሚባል አሜሪካዊ ነው። አምስተኛ ክፍል ያስተማረ መምህር ነበር። መጀመሪያ ትምህርት ቤቶችን ለማሻሻል ብዙ ለፍቶ፣ አልሆን ሲለው ወደ ወላጆች ዞረ። ሰውየው ትዳርም ልጅም አልነበረውም። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። የሰው ልጆችን ነበራ ቁጭ ብሎ በትዕግሥት ሲያይ የኖረው!

ለኛ አገር ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም። አባቴ ፊደል የቆጠረው የኔታ ዘንድ ነው፤ ግን የኔታ ራሳቸው ሀሁ አላሉትም። ዳዊት የደረሰው ልጅ ነው ያስቆጠረው። ቁርአን ቤትም ሎሁን፣ የእንጨት መጻፊያ ሰሌዳውን፣ የያዘ ትልቅ ልጅ ትንሹን ሲያስቀራ ታያላችሁ። አለንጋውን ግን አልናፍቅም፤ የድሮው ሁሉ ወርቅ ነበር የሚል ሰው ካለ አባቴን ይጠይቅ።

እንዲህ ሳወራው ሁሉም ያማረ ይመስላል። አልነበረም። አንደኛው ቤት ብዙም ሳይቆይ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት መለሰ። አባትየው «ልጆቼ መሞከሪያ አይደሉም» አለ፤ ትክክል ነው፣ የሱ ልጆች ሆዳቸውን አልቆረጣቸውም። ከጨርቅ ነጋዴዋ ጋርም ተኳርፈናል። ተራዋ በሆነ ቀን ገበያ ትውልና ልጆቹ እኔ ላይ ይወድቃሉ። አንድ ቀን አንገቴ ላይ ደርሶ ተናገርኳት። «አንቺ በየወሩ ደመወዝ የሚያመጣ ባል አለሽ። እኔ አንድ ቀን ካልሸጥኩ ያቺ ቀን የለችም» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጅን ቤት ማዋል ጊዜ ይጠይቃል፣ ጊዜ ደግሞ የሚገዛ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ተራ መቁጠር ተውን፤ እሷ በበኩሏ የልጆቹን ልብስ ከገበያ ታመጣልናለች።

እንግሊዝኛው ደካማ ሆነ። ሳይንስ ላይ የያዝነው የለም፤ ነርሷ ጎረቤታችን የሌሊት ተራዋን ጨርሳ ስትነቃ ስለ ደምና ስለ ወባ ከምትነግራቸው በቀር። በ2014 ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ስናስገባው ፈትነው ከእኩዮቹ አንድ ክፍል ዝቅ አደረጉት። አባቱ አንገቱን ደፋ። ልጁ ግን ማታ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እዚያ ያንበረክካሉ?»

አያንበረክኩም። አሁን ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ድምፁ ጎርንኗል፣ እንግሊዝኛው ያው ነው።

ዛሬ ጠዋት ለወንድሜ ሚስት መልሼ ደወልኩ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። «መጽሐፉ ይቆይ፤ ፊት ለፊትሽ ያለው በር የማን ነው?» አልኳት። የውሃ መዋጮ የምትሰበስበውን ሴትዮ ብቻ ነው የምታውቀው። እሷስ ልጅ አላት ወይ አልኳት። አላት መሰለኝ አለች።

ልጄ ፈጢራውን እያኘከ ሲሰማኝ ነበር። ስልኩን ስዘጋ፣

«የጠረጴዛውን ነገርሻት?» አለኝ።

«የቱን?»

«እማ!»

አልነገርኳትም። ማታ ኔትወርክ ካለ እደውልላታለሁ።