ሸራው ብቻ አይደለም የሚያልቀው

በዚህ ሳምንት ከመካኒኩ ጋር ሆነን የሞተሬን ፍሪሲዮን፣ ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘውንና የሚለየውን ክፍል፣ ቀየርን። እጄ ላይ የቀረው የዘይት ሽታ ሳይለቅ ልጻፈው ብዬ ነው ዛሬ ማታ የተቀመጥኩት።

ሞተሬ ያማሃ ዲቲ 125 ናት። ባለ ሁለት ስትሮክ፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ከመሬት ከፍ ያለች። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ቢሆንም ጅማ ዙሪያ ለሚሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከእሷ የተሻለ የሥራ ባልደረባ አላውቅም። ከኋላ የክትባት ሳጥን ታስሮባት መኪና በማይገባበት የቡና ማሳ መሀል ታልፋለች። አባ ሰንጋም ሆነ አባ ጎርባ መንገድ እስኪደርቅ አይጠብቁም። ክትባቱ ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል መቆየት አለበት። ዳገት መሀል ብትቆምብኝ እኔ ስገፋት በረዶው ይቀልጣል፤ ከብቱን ከጠዋት ጀምሮ አስሮ የሚጠብቀኝ ገበሬ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለ ፍሪሲዮን ይህን ያህል የምጨነቀው ለዚህ ነው።

ፍሪሲዮን በኪሎ ሜትር ብዛት አያልቅም። ከጅማ አጋሮ አስፋልቱን ይዤ ስሄድ ማርሽ ለመቀየር ካልሆነ እጄ እጅታውን አይነካውም። ወደ ዴዶ ስወጣና ከዋናው መንገድ ተገንጥዬ ወደ ቀበሌዎቹ ስገባ ግን ሌላ ነው። ቀዩ አፈራችን ዝናብ ሲጠግብ ጎማው መያዣ ያጣል። ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ብለቀው የኋላ ጎማ ይሽከረከራል፤ ሙሉ በሙሉ ብይዘው ሞተሯ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። ስለዚህ ግማሽ ይዤ፣ ግማሽ ለቅቄ፣ ነዳጅ እየሰጠሁ በቀስታ አወጣታለሁ። ሸራውን፣ ማለትም የፍሪሲዮኑ ዲስኮች የለበሱትን የሚፋጭ ልባስ፣ የሚበላው ያ ግማሽ ነው። በክረምት ጭቃ ውስጥ የተሄደ አጭር መንገድ አንድ ሙሉ በጋ ከሚበላው በላይ ይበላል።

ውስጡ እንዲህ ነው። ሸራ የለበሱ ዲስኮችና ለስላሳ የብረት ዲስኮች አንድ ባንድ እየተፈራረቁ እንደ እንጀራ ተደራርበው ዘይት ውስጥ ይቀመጣሉ። ብዛታቸው እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል። ከላይ ሞላዎች ይጫኗቸዋል። እጅታውን ስንስብ ሞላዎቹ ይጨመቃሉ፣ ዲስኮቹ ይላቀቃሉ፣ ሞተሩ ከጎማው ይለያል። ግማሽ ስንይዝ አልተጣበቁም፣ አልተላቀቁም፤ እየተፋጩ ይዞራሉ። ፍጭቱ ሙቀት ነው። ዘይቱ የቻለውን ያህል ሙቀት ይወስዳል፤ የተረፈው ሸራውን ያቃጥላል፣ ብረቱን ያጣምማል፣ ሞላውን ያደክማል።

ምልክቱ የመጣው ዳገት ላይ ነው። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ነዳጅ ስጨምር ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነቷ ግን ባለበት ይቆማል። ሜዳ ላይ ምንም አይታወቅም። ቀጥሎ የተቃጠለ ነገር ሽታ መጣ። መጀመሪያ ያየሁት ካቦውን፣ ከእጅታው ወደ ፍሪሲዮኑ የሚሄደውን ሽቦ፣ ነው፤ ከሁሉ የሚቀለውና ገንዘብ የማይጠይቀው እሱ ስለሆነ። የእጅታው ጫፍ መሳብ ሳይጀምር ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ላላ ብሎ መጫወት አለበት። ካቦው ከተወጠረ ፍሪሲዮኑ ሳይነኩትም በትንሹ እንደተያዘ ይኖራል። የእኔ በቂ ልቀት ነበረው። ችግሩ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ወደሚሠራ አንድ ሸምገል ያለ መካኒክ ወሰድኳት። ሞተሩን አስነስቶ፣ ፍሬን ይዞ፣ ማርሽ አስገብቶ ቀስ ብሎ ለቀቀው። መጥፋት ሲገባት አልጠፋችም፤ እየጮኸች ቆመች። «ስማ ዶክተር፣ ይቺ ለመክፈት እንኳ ዘግይታለች» አለኝ።

የካምቢዮውን፣ የማርሽ ሳጥኑን፣ ዘይት ስናፈሰው ጥቁር ሆኖ ወጣ። በባለ አራት ስትሮክ ሞተር ቢሆን ይህ ብዙ አይነግርም፤ እዚያ ዘይቱ ከፒስተኑም ጥላሸት ይሰበስባል። በዲቲ ግን ከቤንዚን ጋር የሚቃጠለው ዘይት በራሱ ጋን ውስጥ ነው ያለው፣ ካምቢዮና ፍሪሲዮን የሚነከሩበት ደግሞ ለብቻው። እንዲያ ከጠቆረና የተቃጠለ ከሸተተ ዋናው ተጠርጣሪ ሸራው ነው። ጋሼ በሁለት ጣቱ አሽቶ ወደ አፍንጫው ወሰደውና ለሚያሠለጥነው ልጅ አስሸተተው። ይህን ሽታ የሚያውቅ ልጅ ወደፊት ብዙ ሰው ከከንቱ ወጪ ያድናል።

የእግር ማስነሻውና የፍሬን ፔዳሉ ወጡ፤ ከዚያ የቀኝ በኩል ክዳን። የሞላዎቹ ቡሎኖች ሲፈቱ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ የለም፤ በትይዩ፣ እያንዳንዱን ትንሽ ትንሽ። አለዚያ ግፊቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይሄድና ክር ይበላሻል። ዲስኮቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደረደርናቸው።

ሸራ ያለው ዲስክ አዲስ ሲሆን በብዙ ትንንሽ ሞተሮች 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ከዚያ ላይ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ከጎደለ ዕድሜው አበቃ። በዓይን አይታይም፤ ሁለት ሦስት የደብተር ወረቀት ማለት ነው። ግን ጉድለቱ ይደመራል። ከ5 ዲስኮች እያንዳንዱ 0.3 ቢጎድል ሞላው 1.5 ሚሊ ሜትር ይለቃል፣ ግፊቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ግፊት ሲቀንስ ዲስኩ ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱ ይበልጥ ያሞቃል፤ ሙቀቱ ይበልጥ ይበላል። ለዚህ ነው ፍሪሲዮን ለረጅም ጊዜ ደህና መስሎ ቆይቶ በመጨረሻ በጥቂት ቀናት የሚወድቀው።

የእኛ ዲስኮች ውፍረታቸው በካሊፐር ሲለካ ሁሉም ከገደቡ በታች ነበሩ። የብረቶቹ ፊት እዚህም እዚያም ወደ ሰማያዊ አድልቷል፤ ብረት እንዲህ የሚሆነው በኃይል ሲግል ነው። ጋሼ አንድ ባንድ መስታወት ላይ እያስተኛ በጣቱ ጫፍ ጫፉን ነካ ነካ አደረገ። ከመሀላቸው የሚወዛወዙ ነበሩ። ሞላዎቹ ከአዲስ ሞላ ጎን ሲቆሙ አጠሩ። ዲስኮቹን የሚይዘው ቅርጫት ጥርሶች ላይም የዲስኮቹ ጆሮ ጎድጎድ ያለ ቦታ ሠርቷል።

እዚህ ላይ ነው ቅር የሚለኝ። በየጋራዡ የተለመደው ሸራውን ብቻ አውጥቶ አዲስ ማስገባት ነው። ለምን እንደሚደረግ ይገባኛል፤ የዕለት ጉርሱ በሞተሩ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ለአንድ ተጨማሪ ቀን መቆም እንኳ ይከብደዋል። ነገር ግን አዲስ ሸራ በተጣመመ ብረትና በደከመ ሞላ መሀል ቢገባ ያንኑ መንሸራተት ከመጀመሪያው ቀን ይወርሳል። ያ ሰው ከሁለት ዝናብ በኋላ ተመልሶ ይመጣል፣ ያኔም የሚከፍለው ድጋሚ ነው። ሞላ ደግሞ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ነው። መካኒክ ሁሉ ቢያንስ ሞላውን ለክቶ ለባለቤቱ ያሳየው፤ መወሰኑን ለሱ ይተውለት። ድሃን ማገዝ ማለት ርካሹን ሥራ መስጠት ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

ዕቃውን መርካቶ ሄጄ ገዛሁ። ሻጩ፣ ሁላችንም «ሐጂ» የምንላቸው ሽማግሌ፣ ሁለት ዓይነት ዘርግተው የዋጋውን ልዩነት ሳይደብቁ ነገሩኝ። ርካሹን አንስቼ ወደ ብርሃን ሳዞረው የሸራው ቁራጮች ጠርዛቸው እኩል አልተለጠፈም፤ አንዱ ጥግ ላይ ጥፍር ይገባል። እንዲህ ያለው ሸራ ሲነቀል ቁራጩ ዘይት ውስጥ ይዋኛል፣ ጥርስ መሀልም ሊገባ ይችላል። ውዱን ወሰድኩ። ዘይትም የሞተር ሳይክሉን፣ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚለውን፣ ዘይት ውስጥ ለተነከረ ፍሪሲዮን እንደሚስማማ የሚናገረውን ምልክት አይቼ። አንዳንድ የመኪና ዘይት ነዳጅ እንዲቆጥብ ተብሎ ማንሸራተቻ ይጨመርበታል፤ ለመኪና መልካም ነው፣ ዘይት ውስጥ ለተነከረ ፍሪሲዮን ግን አይሆንም።

ልገጥመው ስቸኩል ጋሼ አዲሶቹን ዲስኮች ዘይት ያለበት ሳህን ውስጥ አስቀምጦ በፕላስቲክ ሸፈናቸው። «ደረቅ ሸራ ገና ሲነሳ ይቃጠላል። ነገ ና» አለ። ከዚያ የቅርጫቱን ጥርሶች በሞረድ ጥቂት አስተካከለ፤ ብዙ ቢወስድ ጥርሱ ይሳሳል፣ ምንም ባይነካው ደግሞ ዲስኩ ጎድጓዳው ላይ እየተሰናከለ በትክክል አይላቀቅም። አሮጌውን ጓርኒሲዮን፣ ከክዳኑ ሥር ዘይት እንዳያፈስ የሚገባውን፣ የፋቀው ልጁ ነው፤ አሉሚኒየሙን ሳይጭር በትዕግሥት ሲሠራ አይቼ ተደሰትኩ።

በማግስቱ መግጠሙ ብዙ አልፈጀም። ሸራ፣ ብረት፣ ሸራ፣ ብረት። ሞላ። ቡሎን በትይዩ። አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ክዳን፣ ዘይት፣ ካቦ።

ልሞክራት ወደ ጅሬን አቀናሁ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚገኝበት ኮረብታ ለዚህ ጥሩ ፈተና ነው፤ ዳገቱ ሞተርን ያስተነፍሳል። በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ጨመርኩላት። ድምፅና ፍጥነት አብረው ወጡ። ግማሽ ስይዛትም የምትነክስበት ቦታ ከእጅታው መሀል ላይ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ተገኘ። ከብዙ ወራት በኋላ ግራ እጄ የሚያደርገውን በእርግጠኝነት አወቀ።

አዲስ ሸራ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ትንሽ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ልቀቱን በየማለዳው እያየሁ ነው። ጋሼ ዘይቱንም ቶሎ እንድቀይረው ነግሮኛል፣ የመጀመሪያው ብናኝ ይውጣ ብሎ። ሰኞ ወደ ዴዶ ለአባ ሰንጋ ክትባት እወጣለሁ፤ ከዚያ ስመለስ አፍስሼ ቀለሙን አየዋለሁ።